ያውቁ ኖሯል? ጊሎን በጣት የተከተለች ልጅ

በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች የሚነበብ አንድ የልጆች መጽሐፍ በአንድ የጋምቤላ ወንዝ ውስጥ እንደሚያልፍ ያውቁ ኖሯል? ወንዙ ጊሎ ነው። መጽሐፉን ደግሞ አሜሪካዊቷ ደራሲ ሊንዳ ሱ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተመችው፤ ርዕሱ በአማርኛ ‹‹ረጅም ጉዞ ወደ ውኃ›› ሊባል ይችላል። ባለታሪኩ ሳልቫ ዱት ዛሬም በሕይወት ያለ የደቡብ ሱዳን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ11 ዓመቱ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ተኩስ ተከፈተ። ሮጦ ጫካ ገባ፤ ከዚያም በእግሩ ኢትዮጵያ ደረሰና ኢታንግ ካምፕ ስድስት ዓመት ያህል ኖረ። ኢታንግ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ስደተኞቹ ካምፑን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ጊሎ በዝናብ ሞልቷል። ከኋላ ተኩስ፣ ከፊት አዞ። ያን ቀን ስንት ልጅ እዚያ ውኃ ውስጥ ቀረ! ሳልቫ ተሻገረ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በፈጀ ጉዞም ከ1 ሺህ 2 መቶ በላይ ልጆችን እየመራ ኬንያ አደረሰ።

የዚሁ መጽሐፍ ሁለተኛ ባለታሪክ የኑዌር ልጅ መሆኗንስ? ኒያ ትባላለች፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከኩሬ ውኃ ትቀዳለች። ሳልቫ ዲንቃ ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ደግሞ በከብትና በግጦሽ ብዙ ደም ተቃብተዋል። በኋላ አሜሪካ የገባው ሳልቫ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት አቋቁሞ ሲመለስ፣ ውኃው የሚፈልቀው በኒያ መንደር ነው። ለልጅ ስለ ፍትሕ ከተጻፉ ገጾች ከዚህ የሚልቅ አላነበብኩም። ስብከት የለበትም፤ አንዲት ልጅ ንጹሕ ውኃ ትጠጣለች፣ ከዚያ ስላስቆፈረላቸው ሰው ትጠይቃለች።

አኙዋዎች ስለ መሳፍንቶቻቸው አመጣጥ የሚተርኩት ታሪክ ከወንዝ እንደሚጀምርስ ያውቁ ኖሯል? ልጆች ዓሣ ሲያጠምዱ በያዙት ዓሣ ይጣላሉ። ያን ጊዜ ኦቹዶ የተባለ ከወንዙ የወጣ እንግዳ ፍጡር ይዳኛቸዋል። ሽማግሌዎች ሊፈቱት ያቃታቸውን ነገር ፈታ፤ የአኙዋ መሳፍንትም ዘራቸውን ከእሱ ይቆጥራሉ። ልብ በሉ፤ የሥልጣን መነሻው ጦር ሳይሆን በልጆች መካከል የተሰጠ ፍርድ ነው! ታሪክ፣ ፍትሕና ተፈጥሮ በአንድ ወንዝ ዳር እንዲህ ተገናኝተው ሳለ፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅ በሥዕል ሊሠራ የሚችል መጽሐፍ ግማሹ አልቋል ማለት ነው።

ብሪታንያዊቷ የልጆች ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ክልሎቻችንን እየዞረች እንዲህ ያሉ ተረቶችን ሰብስባለች። ጋምቤላም ደርሳለች። ከአፍ የሰማችው ሁሉ ለተማሪዎች በቀላል እንግሊዝኛ ማንበቢያ እንዲሆን ታስቦ ነበር የተሰበሰበው። ሥራዋን አከብራለሁ። ተረቱ ወደ ተነገረበት ቋንቋ ተመልሶ፣ በአኙዋኛ፣ በኑዌርኛና በማጃንግኛ ታትሞ በልጆች እጅ ሲገባ ግን ደስታዬ እጥፍ ይሆናል።

ይህ ደግሞ የምኞት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ታሪኩን የመንከባከብ መብት አለው ይላል። አኙዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖ፣ ኮሞ፤ አምስቱም በዚያ አንቀጽ ውስጥ አሉ።

ኑዌሮች የከብትን መልክ የሚጠሩባቸው ቃላት እርስ በርስ ሲጣመሩ በመቶዎች እንደሚቆጠሩስ? ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ እያልን ያደግን ሰዎች እንኳ እዚያ ተማሪ ነን። ኑዌሮችን ያጠናው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአኙዋ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ጣሊያንን እንደተዋጋም ያውቁ ኖሯል?

ጋምቤላ የመርከብ ወደብ ነበረች። አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ድረስ እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ እጅ የገባው ሱዳን ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። መርከብ የሚወድ ልጅ ስንት ነው! እስቲ ይህን ሥሉለት።

ከአፍሪካ ትልልቅ የእንስሳት ፍልሰቶች አንዱ በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በኩል እንደሚያልፍስ? የሚፈልሰው እንስሳ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ይባላል። ሴቷና ግልገሉ ቡናማ ናቸው፤ ወንዱ ግን ሲጎለምስ እየጠቆረ ይሄድና በጥቁሩ ፊት ላይ ነጭ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ፍንትው ብለው ይታያሉ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2023 ከአየር ባካሄደችው ቆጠራ፣ ከእነዚህና አብረዋቸው ከሚፈልሱት ዘመዶቻቸው ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ተገምቷል። የእኛ ልጆች በሥዕል መጽሐፍ የሚያዩት ፍልሰት ግን ብዙውን ጊዜ የሴሬንጌቲው ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ለልጅ ለመንገር የሚከብድም አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በተጀመረው ግድያ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋዎች ሞተዋል። ያን ቀን በእናታቸው ጀርባ የነበሩ ሕፃናት ዛሬ እነሱም ልጆች አሏቸው፤ ይጠየቃሉ። ሊንዳ ሱ ፓርክ ጊሎን ለ11 ዓመት አንባቢ በእውነትና በርኅራኄ መንገር ከቻለች፣ ይህም እንደዚያ ሊጻፍ ይችላል፤ የሚጽፈውም የቀኑን ሐዘን የሚያውቅ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ።

በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ነው። ከግንድ የተፈለፈለች ታንኳ ለምትመላለስበት ባሮ ደግሞ፣ መጽሐፍ ጭና በየመንደሩ የምትቆም ታንኳ ትስማማዋለች።

የሳልቫን ታሪክ ለእህቴ ልጅ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ጊሎ ላይ ስንደርስ አስቆመችኝና ካርታ አስመጣችኝ። ‹‹ይሄ'ኮ እኛ አገር ነው!›› አለች። በጣቷ ከደጋው ጀምራ ጊሎን ይዛ ወረደች፤ ፒቦር ገባች፤ ፒቦር ከባሮ ተገናኝቶ ሶባት ሲሆን ጣቷን ሳታነሳ ነጭ ዓባይን ተከትላ ወደ ካርቱም ዞረች። ከዚያ ቀና ብላ ‹‹እነዚያ የቀሩት ልጆችስ ስማቸው የት ተጽፏል?›› ብላ ጠየቀችኝ።