የዕቃ ዕድሜ በማን እጅ ነው?

በዐደን ከተማ፣ በሼኽ ዑስማን ወረዳ በሚገኘው አል-ሚምዳራ ሰፈር የመብራት መጥፋት እንግዳ ነገር አይደለም። በሙቀቱ ወራት ኃይል ለረጅም ሰዓታት ሲቋረጥ ነዋሪው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ውኃው፣ ስለ ማራገቢያውና ስለ ስልኩ ባትሪ ነው። ከአገሩ ርቆ በዚያች ከተማ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ የስልኩ ነገር ከሁሉ ይብሳል። ወሎ ወይም ጅማ ያለች እናቱን ድምፅ የሚሰማው፣ የላከው ገንዘብ መድረሱን የሚያረጋግጠው፣ በዒድ ማለዳ የቤተሰቡን ምርቃት የሚቀበለው በእርሱ ነው። ስለዚህ «ስልኬን ልቀይር ወይስ ላቆየው?» ብሎ ሲጠይቅ ለቤተሰቡ ከሚልከው ገንዘብ ላይ ምን ያህል እንደሚቀነስ እያሰላ ነው።

ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የቆየ ፍቅር ያላቸው ሰዎች ይህን ጥያቄ ከብዙዎች በተለየ ዐይን ያዩታል። ትራንዚስተር ሬዲዮን በጆሯቸው አስጠግተው ያደጉ፣ የመንዙማ ካሴት በቴፕ ደጋግመው ያዳመጡ፣ ኋላም የቪዲዮ ማጫወቻንና የመጀመሪያውን ሞባይል በጉጉት የተቀበሉ ናቸው። አዲስን ነገር ይወዳሉ እንጂ አይጠሉም። ይሁን እንጂ የዘንድሮው ሞዴል ከአምናው በምን እንደሚለይ ለመናገር ሲቸገሩ፣ የመለወጡ ሩጫ ማንን እየጠቀመ እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራሉ።

ዐደን ለዚህ ጥያቄ ባዕድ ከተማ አይደለችም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ከያዟት በኋላ በ1850 ከቀረጥ ነጻ ወደብ አደረጓት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በስዊዝ ቦይ የሚያልፉ መርከቦች ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆሙ፣ መንገደኞች ወደ ተዋሂ ገበያ ወርደው የጃፓን ትራንዚስተር ሬዲዮ፣ ካሜራና የእጅ ሰዓት ያለ ቀረጥ ይሸምቱ ነበር። በሰኔ 1967 ቦዩ ሲዘጋ የመርከቡ ጉዞ ተቋረጠ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። በዚያው ዓመት በኅዳር እንግሊዞች ከተማዋን ለቀው ወጡ።

የዚያ ዘመን ሬዲዮ ከገዢው የሚፈልገው ጥቂት ነበር። ደረቅ ድንጋይ ካለውና ጣቢያው ከተናገረ ይሠራል። ቢበላሽ በጠመንዣ መፍቻ ተከፍቶ፣ የተበጠሰው ሽቦ ተበይዶ እንደገና ይናገራል። ሬዲዮውን የሠራው ኩባንያ ቢዘጋ እንኳ ባለቤቱ ዜናውን ከመስማት አይከለከልም። የዕቃው ዕድሜ በባለቤቱና በሠፈሩ ጠጋኝ እጅ ነበር።

የዛሬው ስልክ ግን በሁለት መንገድ ያረጃል። የመጀመሪያው የአካሉ እርጅና ነው። የሊትየም አዮን ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ500 ያህል ሙሉ ሙሌት በኋላ የአቅሙን አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ ሙቀትም ይህን ያፋጥነዋል። አምራቾች ስልክ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቦታ እንዳይሠራበት ሲመክሩ፣ የዐደን የሙቀት ወራት ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ በዚያች ከተማ «ስልኬ አረጀ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያረጀበት ባትሪው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም በይፋ የታወቀ ምሳሌ አለ። አፕል ባትሪያቸው የደከመ የአይፎን ስልኮችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ በታኅሣሥ 2017 አመነ፤ የባትሪ መለወጫ ዋጋውንም ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020ም ክሱን ለመቋጨት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አዲስ ባትሪ የገባለት ስልክ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለስ ስለነበር፣ ብዙ ሰው በመቶዎች ዶላር ሊገዛ ያሰበውን መፍትሔ በጥቂት ዶላር ሊያገኘው ይችል ነበር።

ሁለተኛው እርጅና ከሩቅ የሚመጣ ነው። ዋትስአፕ ከጥር 2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቁሟል። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ጤነኛ ነው፤ ስክሪኑም አልተሰበረም። ነገር ግን ባለቤቱ ማታ ማታ ከእናቱ ጋር የሚያወራበት መንገድ ተዘግቷል። በኮምፒውተርም እንዲሁ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የዕቃው ዕድሜ ከባለቤቱና ከጠጋኙ እጅ ወጥቶ ወደ አምራቹ ቢሮ ተዛውሯል ማለት ነው።

የዕቃ ወዳጆች ይህን ሁሉ ቢያውቁም መለወጥን በጅምላ አያወግዙም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ ውስጥ ቢካተትም፣ ብዙ ስልኮች ከዚያ በኋላም ለዓመታት አማርኛውን በባዶ ሣጥኖች ብቻ ያሳዩ ነበር። ፊደሉን የሚያነብ ስልክ ሲመጣ ወንድም ለወንድሙ በገዛ ቋንቋው መጻፍ ቻለ። ያ ገንዘብ የሚወጣበት ለውጥ ነበር። የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ስልክም ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ከሆነ መለወጡ ተገቢ ነው። ካሜራው በመጠኑ ስለተሻለና ጠርዙ ስለቀጠነ ብቻ ደኅናውን ስልክ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለአዲሱ ስልክ ሲባል ለቤት ኪራይ ወይም ለወንድም ትምህርት የተያዘው ገንዘብ ይበተናል።

የተጣለውም ዕቃ የሚሄድበት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2024 ባወጡት ዘገባ፣ በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደተጣለና ከዚህም በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ እንደሆነ ተገልጿል። ቀሪው በየክምሩ ይወድቃል፤ አንዳንዱም በውስጡ ላለው መዳብ ሲባል ይቃጠላል። ጭሱን የሚስበው በአቅራቢያው የሚኖረው ድኻ ነው።

ለሸማቹ የሚበጅ እርምጃ በአንዳንድ ቦታ ተጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው የሚቀርብ ስልክ፣ ሽያጩ ከቆመ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመታት የኦፕሬቲንግ ሲስተም ማሻሻያ፣ ለ7 ዓመታትም መለዋወጫ እንዲኖረው ደንግጓል። ጉግልና ሳምሰንግም በ2023 እና በ2024 ላወጧቸው ውድ ስልኮች የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ርካሾቹ ስልኮች ግን በአብዛኛው ከዚህ ያነሰ ያገኛሉ፤ የአል-ሚምዳራም ሆነ የመርካቶ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ አቅሙ የሚፈቅደው እነርሱን ነው።

ስለዚህ በሼኽ ዑስማን ገበያ ያገለገለ ስልክ በእጁ ይዞ የሚያገላብጥ ገዢ ስለ ካሜራው ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። የሶፍትዌር ማሻሻያው እስከ መቼ ነው? ባትሪው ምን ያህል አቅም ቀርቶታል? ስክሪኑና ባትሪው ቢበላሹ መለዋወጫቸው በዚሁ ገበያ ይገኛል? አሮጌውን ስልኩን ሊሸጥ የመጣ ከሆነም የቤተሰቡን ፎቶግራፍና መልእክት በሌላ ቦታ አስቀምጦ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ይኖርበታል። መልሶቹ ካላረኩት፣ ወደ ጠጋኙ ጎራ ብሎ ለያዘው ስልክ አዲስ ባትሪ ማስገባት ይችላል። የተረፈው ገንዘብ በዚያው ቀን ባሕሩን ተሻግሮ ለእናቱ ይደርሳታል፤ መድረሱንም የምትነግረው በዚያው በአሮጌው ስልኩ ደውላ ነው።