ስለ ሆኪ ዱላ አጠባበቅ

የሜዳ ሆኪ መጫወቻ ዱላ በፓኪስታን ሲያልኮትና በሕንድ ጃላንዳር፥ ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ ከሚሆነው የእንጆሪ ዛፍ ሲሠራ መኖሩ የታወቀ ነው። ዛሬ የካርቦንና የፋይበርግላስ ዱላ ገበያውን ቢይዝም፥ የእንጨቱ ለጀማሪዎች አሁንም ይሸጣል።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። ስለሆነም አስመጪውና ባለሱቁ ዱላውን ከሚግል የቆርቆሮ ጣሪያና ከእርጥብ ወለል አርቀው ሊያስቀምጡ ይገባል፤ የተሰነጠቀ ዱላ የሚመልስ ደንበኛ ትርፉን ይዞ ይሄዳልና።

ቫርኒሹ የተላጠበትን ስፍራ በጥሬ የተልባ ዘይት በስሱ ማሸት የእርጥበቱን መግባት ይቀንሳል። ቫርኒሹ ባልተነካበት ላይ ግን ዘይቱ ስለማይሰርግ ድካሙ ከንቱ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ጨርቁ ነው፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠልና መጋዘኑን ሊያቃጥል ስለሚችል፥ በውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።