የዱዱን ጠብታ አትድፈኑት



ካራቫን ለማኅበረሰባችን እንግዳ አይደለም። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ብዙዎቹ ቋሚ ቤት እስኪያገኙ ድረስ በካራቫን ሰፈሮች ኖረዋል። ጊቭዓት ሀማቶስን፣ ሑልዳን፣ ሐጽሮት ያሳፍን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉን። ያ ዘመን አልፏል፤ ሆኖም በካራቫን የሚቀመጥ ቤተሰብ ዛሬም አይጠፋም፣ የሙቅ ውሃውም ነገር ያው ነው። በመርከዝ ክሊታ ወይም በኪራይ ቤት ያላችሁትንም ጉዳዩ ይመለከታችኋል፤ ዱድ እዚያም አለና።

ዱድ ማለት ውሃ የሚሞቅበት የብረት በርሜል ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ በኩል ይወጣል። በውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ አለ። ቴርሞስታት የሚባለው ደግሞ ውሃው ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ቀዝቃዛ ውሃ በሚያስገባው ቧንቧ ላይ ትንሽ እጀታ ያላት የናስ ዕቃ ታያላችሁ። በዕብራይስጥ ሻስቶም ቢታሖን ትባላለች። የዛሬው ነገራችን ስለ እርሷ ነው።

ሻስቶሟ ዱዱ በሚሞቅበት ሰዓት ትንጠባጠባለች። አዲስ የገባ ሰው ይህን ሲያይ ቧንቧው የተበላሸ ይመስለዋል። ውሃ ከምንጭ በእንስራ ሲቀዳ ያደገ ሰው ጠብታ በከንቱ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም፤ በጨርቅ ሊያስራት፣ በእንጨት ሊወትፋት ይነሣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 60 ሊትር የሚይዝ ዱድ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ውሃው በ0.9 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ብረቱ ግን አይለጠጥም። ውሃው ወደ መጣበት ቧንቧ እንዳይመለስም ሻስቶሟ ትከለክለዋለች። ስለዚህ ትርፉ በእርሷ አፍ ይወጣል። ጀበናም እኮ ሲንተከተክ በአፉ ይገነፍላል፤ አፉን ጥርቅም አድርጎ ደፍኖ እሳት ላይ የሚጥደው ማን አለ?

ከዚህ የባሰም አለ። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩን ሳይቆርጥ ቢቀርና የሻስቶሟ አፍ ቢደፈን፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ታፍኖ ስለተያዘ ግን አይፈላም። በርሜሉ በዚያ ሰዓት ቢቀደድ ከውሃው ከፊሉ ባንድ አፍታ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይወስዳል። የካራቫን ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ልጆቻችሁ የሚተኙትም ከዱዱ ጥቂት እርምጃ ርቀው ነው።

የውሃው መባከን ካሳዘናችሁ ከሥር ባልዲ አድርጉ፤ ለወለል ይሆናል።

ጤነኛዋን ከታመመችው መለየት አይከብድም። ዱዱ ሲሞቅ ብቻ የምትንጠባጠብ ደህና ናት። ዱዱ ጠፍቶም ቀንና ሌሊት ከወረደች ግን ወይ አርጅታለች፣ ወይ ጠጠር ይዟታል፣ ወይም የቧንቧው ግፊት በዝቷል። ዱዱ ሲሞቅ አንድም ጠብታ ካላያችሁ ደግሞ ተጣብቃ ሊሆን ስለሚችል አስመርምሯት። የዚህ አገር ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ በሻይ ማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው እርሱ ነው፤ አቭኒት ይሉታል። እንዳያጣብቃት በየጥቂት ወሩ እጀታዋን አንሥታችሁ ጥቂት ውሃ አፍስሱና መልሱ። የሚወጣው ውሃ ትኩስ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን ከሥር አታድርጉ። አቭኒቱ የውስጡንም ዘንግ ይሸፍነዋል፤ ዱዱ ሲሞቅ ማጉረምረም ከጀመረና እንደ ድሮው ቶሎ ካላሞቀ የሚጸዳበት ጊዜ ደርሷል። ክዳኑን መክፈት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ።

ጣሪያው ላይ የፀሐይ ዱድ የሌለው ካራቫን ውሃውን የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ከላይ ያልነውን 60 ሊትር ለማሞቅ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ ለምትታጠቡት ጠዋት አታብሩ፤ ቀኑን ሙሉ ሲበርድና ሲሞቅ የሚውለው በሒሳባችሁ ነው። ከመታጠባችሁ በፊትም ማብሪያውን አጥፉ፤ ቀይዋ መብራት መጥፋቷን እዩ። ዱዱ ለጥገና ውሃው ከተራገፈ በኋላ ደግሞ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ድረስ አታብሩት፤ ባዶ በርሜል ውስጥ ዘንጉ ይቃጠላል።

ሕፃን ስታጥቡ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ በክርናችሁም ሞክሩት። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የሕፃንን ገላ በሰከንዶች ውስጥ ይልጣል።

ዕብራይስጡ ገና ለሚያስቸግራችሁ፣ ለአቭ ባይት ወይም ለኢንስታላቶር ስትደውሉ «ሀሻስቶም ሼል ሀዱድ መታፍቴፍ ኮል ሀዝማን» በሉት። የዱዱ ሻስቶም ሁልጊዜ ይንጠባጠባል ማለት ነው።