ጠጠሩ ከመነሳቱ በፊት ሕጉ ይነገር

የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባና ጭዱ ከተከመረ በኋላ በጥር ወር ገበሬው ጥቂት ፋታ ያገኛል። በሰሜን ሸዋ በአንድ የገጠር ቀበሌ ያገኘናቸው አዛውንትና የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸውም ይህንኑ ፋታ ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያሳልፉ ነበር። በመካከላቸው መሬቱ በሁለት ረድፍ ተቆፍሯል። በእያንዳንዱ ረድፍ 6፣ በጠቅላላው 12 ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። የያዙት ጨዋታ ገበጣ ነው።

ልጁ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። ስለዚህም አራተኛውን ለመጀመር ቸኩሏል። አዛውንቱ ግን እጁን ያዝ አደረጉና፣ «ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ ሕጉን ድገምልኝ» አሉት።

ይህን ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት በቅድሚያ የጨዋታውን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአጨዋወቱ ሥርዓት

ገበጣ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ የሚጫወቱት ነው። ዕጣ የለበትም፤ የተሸሸገ ነገርም የለበትም። ሁሉም ጠጠር በሁለቱም ተጫዋቾች ዓይን ፊት ነው። በመሆኑም የተሸነፈ ሰው ዕድሉን ሊያማርር አይችልም።

አዛውንቱ ለልጁ የሚያስተምሩት አጨዋወት የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ «ቤት» ይባላል። በየቤቱ 4 ጠጠር ይቀመጣል፤ ድምሩ 48 ይሆናል። በየፊት ለፊታቸው ያሉት 6 ቤቶች የየራሳቸው ናቸው። ተራው የደረሰው ተጫዋች ከራሱ ቤቶች የአንዱን ጠጠር በሙሉ አንስቶ ወደ ቀኝ እየሄደ በየቤቱ አንድ አንድ ይዘራል። የራሱ ረድፍ ሲያልቅ ወደ ተጋጣሚው ረድፍ ተሻግሮ ዙሪያውን ይቀጥላል።

የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ካለበት ቤት ከወደቀች፣ በዚያ ቤት ያለውን ሁሉ አንስቶ እንደገና ይዘራል። ከባዶ ቤት ከወደቀች ተራው ያበቃል። ያ ባዶ ቤት የራሱ ከሆነና ትይዩው በሆነው የተጋጣሚው ቤት ጠጠር ካለ፣ ያንን ጠጠር ከራሱ የመጨረሻ ጠጠር ጋር ይበላል። ተራው የደረሰው ተጫዋች የሚያነሳው ሲያጣ ጨዋታው ያከትማል፤ በወዲያኛው ረድፍ የቀረው ለባለቤቱ ይቆጠራል። ከ24 በላይ የሰበሰበ አሸናፊ ነው።

ሕጉ ይኸው ነው። አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊይዘው ይችላል። ይሁን እንጂ ሕጉን መያዝና ጨዋታውን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልጁ የተረዳው በመሸነፍ ነው።

ሁለት ጠጠር ወይስ ሰባት?

ልጁ ሦስቱንም ጊዜ የጀመረው በግራው ጫፍ ካለው ከመጀመሪያው ቤት ነበር። «ለምን ከዚያ?» ስንለው፣ «መጀመሪያ ስለሆነ» ሲል መለሰልን።

ከዚያ ቤት ሲነሳ አምስት ጊዜ እያነሳ በጠቅላላው 26 ጠጠር ይዘራል። በመጨረሻም በራሱ ሦስተኛ ቤት፣ ቀድሞ ባዶ ባደረገው ላይ ያርፋል። በትይዩው ያለችው ግን አንዲት ጠጠር ብቻ ናት። ያን ሁሉ ዞሮ የሚያገኘው 2 ነው።

አዛውንቱ በዚህ ጊዜ ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው መልሰው ከሁለተኛው ቤት እንዲነሳ አዘዙት። እንደ ቀድሞው አምስት ጊዜ አነሳ፤ እንደ ቀድሞው 26 ጠጠር ዘራ። አሁን ግን ያረፈው በአራተኛው ቤት ላይ ሲሆን በትይዩው 6 ጠጠር ተከማችቶ ነበር። 7 በላ። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ቤት ቢጀምርም የሚያገኘው ያው 7 ነው። ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ቢነሳ ደግሞ የመጨረሻዋ ጠጠር በተጋጣሚው በኩል ባለ ባዶ ቤት ስለምትወድቅ ምንም አይበላም። አንባቢም 48 ጠጠር ለቅሞ ነገሩን ሊያረጋግጥ ይችላል።

«ድካሙ አንድ ነው፤ ምርቱ ግን አንድ አይደለም» አሉ አዛውንቱ። «ዘር ከመበተን በፊት ማሳውን ማየት ነው።»

ልጁ ከዚያ ወዲህ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት በዓይኑ መቁጠር ጀምሯል። መደመርና ማባዛት በደብተር ላይ ሲሆኑ የሚሰለቹት ልጅ፣ 12 ቤት በ4 ስንት እንደሆነ አሁን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

የገበያው ዕለት ጠብ

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ልጁ ከጥቂት ቀናት በፊት በገበያ ቦታ ከወንዝ ማዶ ከመጣ እረኛ ጋር ገበጣ ይገጥማል። ከባዶ ቤት አርፎ ትይዩውን ሊበላ ሲል እረኛው እጁን ያዘው። በእነርሱ መንደር የሚበላው 4 የሞላ ቤት እንጂ ትይዩ አይደለም። አንዱ ሌላውን አጭበርባሪ አለው፤ ጠጠሩ ተበተነ፤ ሁለቱም ተኳርፈው ተለያዩ።

«ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር» ይላሉ አዛውንቱ። «ጥፋታቸው አለመነጋገራቸው ነው። ሕጉ ሳይነገር ጠጠር አይነሳም።»

በእርግጥም የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የማያንሱ የጨዋታውን ዓይነቶች መዝግበዋል። የገበጣ ዘመዶች በሌላውም የአፍሪካ ክፍል ይገኛሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚታወቀው ባዎ 32 ጉድጓዶችና 64 ፍሬዎች አሉት። በጋና የሚታወቀው ኦዋሬ እንደ አዛውንቱ ገበጣ 12 ጉድጓዶችና 48 ፍሬዎች ሲኖሩት፣ አንድ የሚያስደንቅ ሕግ አለው፤ ተጋጣሚው ፍሬ ካለቀበት፣ ሌላው የሚቻለው ከሆነ ፍሬ የሚያደርስለትን አካሄድ መምረጥ ግዴታው ነው። ዘር ላለቀበት ጎረቤት ዘር የሚያበድር ገበሬ ይህን ሕግ ለመረዳት አይቸገርም።

የተረሳው ሦስተኛ ረድፍ

የአዛውንቱ ዓይን ደክሟል። በየቤቱ ያለውን ጠጠር የሚቆጥሩት በጣታቸው እየዳሰሱ ነው። እናታቸው በሦስት ረድፍ የሚጫወቱት ሌላ ገበጣ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ጉድጓዶቹን አሁንም ቆፍረው ሊያሳዩ ይችላሉ፤ አበላሉን ግን ረስተውታል። «የሚያስታውሰኝ ሰው ፈለግሁ፤ አላገኘሁም» ሲሉ ነገሩን።

እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ቤት ብቻ የሚጠፋ አይደለም። ስለዚህ በገጠር ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ከየመንደራቸው አዛውንቶች ዘንድ ቀርበው ስድስት ነገሮችን ጠይቀው ቢጽፉ ብዙ ነገር ይተርፋል። ረድፉና ቤቱ ስንት ነው? በየቤቱ ስንት ጠጠር ይገባል? የሚዘራው ወደየት ነው? የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ካለበት ቤት ስትወድቅ ምን ይደረጋል? የሚበላው መቼና የትኛው ነው? ጨዋታው የሚያበቃው እንዴት ነው? ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚጽፈውም ሰው አብሮ ቢጫወት የተሻለ ነው፤ በጨዋታ መካከል የሚነሳ ክርክር ሳይነገር የቀረውን ሕግ ያወጣዋልና።

ከዋርካው ሥር ስንነሳ ልጁ ሕጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግሞ ጨርሶ ነበር። አንድ ስፍራ ላይ ተሳስቶ አዛውንቱ አርመውታል። ከዚያም፣ «አባባ፣ በሚቀጥለው ገበያ ያንን ልጅ ሳገኘው በእርሱ ሕግ ልግጠመው?» ሲል ጠየቃቸው።

«መጀመሪያ አስተምረኝ በለው» አሉና ጠጠሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ማደላደል ጀመሩ።