ሰው ሲተኛ የነቃው ሬዲዮ፦ የሌሊቱ የሂፕ ሆፕ ፕሮግራም ምን አወረሰ?

በይርጋጨፌ ወረዳ በምትገኘው ዱመርሶ የቡና ወቅት ሲደርስ ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ሥራው ወደ ሌሊት ይዘልቃል። በዚህ ሰዓት የሠራተኛው ጓደኛ ሬዲዮ ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ የእጅ ስልክ። ወጣቶች ከሚያደምጡት መካከል እነ ቴዲ ዮ እና ልጅ ሚካኤል ያስተዋወቁት የአማርኛ ራፕ ይገኝበታል። ይህ ግጥምን በምት እየደረደሩ የመናገር ጥበብ እንዲያድግ የሌሊት ሬዲዮ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ሂፕ ሆፕ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው አካባቢ ተወለደ። በ1990ዎቹም ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚያሰሙት የታወቁ አሳታሚዎችን ሥራ ነበር። ውል ያላገኘው ወጣት ሥራ «አንደርግራውንድ» ይባል ነበር፤ ከገበያው ውጭ የቀረ ማለት ነው።

ለእነዚህ ወጣቶች በር ከከፈቱት አንዱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጣቢያ፣ ደብሊው ኬ ሲ አር 89.9 ኤፍ ኤም ነው። ስትሬች አርምስትሮንግ እና ቦቢቶ ጋርሲያ ከ1990 እስከ 1998 ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት፣ ያለ ክፍያ ያዘጋጁ ነበር። ጣቢያው የንግድ ባለመሆኑና ሰዓቱን የሚሻማ ባለመኖሩ፣ ማይክሮፎኑን ለማይታወቁ ወጣቶች መስጠት ቻሉ። ናስ፣ ኖቶሪየስ ቢ አይ ጂ እና ጄይ ዚ ስማቸው ሳይገን በዚያ ተሰምተዋል። አድማጮች ፕሮግራሙን በካሴት እየቀዱ ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፉት። ዛሬ ታሪኩ የሚታወቀው በአብዛኛው በእነዚያ ካሴቶች ነው፤ በ2015 ዘጋቢ ፊልምም ተሠርቶለታል።

ነገሩ ለቡና አምራች እንግዳ አይደለም። ችግኝ ከመደቡ በቀጥታ ለፀሐይ አይሰጥም፤ በዳስ ጥላ ሥር ጠንክሮ ነው ወደ ማሳ የሚወጣው። ያ ፕሮግራምም ችግኝ ጣቢያ ነበር።

በዚያው ዘመን በአገራችን ወጣቱ ለሙዚቃ የነበረው ዋነኛ መንገድ ካሴት ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥርጭት የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ተከተለ። የማኅበረሰብ ሬዲዮም በአዋጅ ቁጥር 533/1999 ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ጎን ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ ሕጋዊ ቦታ አገኘ።

ይህ ጉዳይ ጌዴኦንም ይመለከታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም የዛፉ፣ የእንሰቱና የቡናው ዕውቀት የሚተላለፈው በጌዴኡፋ በሚነገርና በሚዜም ቃል ነው። ሽማግሌው ሲያልፍ ያልተቀዳው ቃል አብሮ ያልፋል፤ መድረክ ያጣ ወጣትም በቋንቋው ግጥም መግጠሙን ይተዋል።

የኒው ዮርኩ ተሞክሮ እንደሚያሳየው ለጅምሩ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ማንም የማይፈልገው አንድ የሌሊት ሰዓት፣ ለማይታወቅ ሰው የሚሰጥ ማይክሮፎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሰራጨውን ቀድቶ የማስቀመጥ ልማድ ይበቃሉ።