ሽቦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም!

ዘመኑ የጣት ዘመን ሆኗል። ወጣቱ ሶፋ ላይ ጋለል ብሎ በስልኩ የሳሎኑን አምፖል ያበራል፣ ማራገቢያውን ያጠፋል፣ ሮቶው ሲጎድል ዲናሞውን ያስነሳል። እናት ደግሞ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» እያሉ ያማትባሉ። ነገሩ ግን ተአምር አይደለም። መዳፍ የማትሞላ፣ ማይክሮኮንትሮለር ያለባት ሰሌዳ ናት ይህን ሁሉ የምታዘው። ከመሰሎቿ መካከል ስሟ የገነነው አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን አገር ኢቭሪያ ከተማ ውስጥ ለተማሪዎች ተብላ የተሠራች ነች።

ይበል ያሰኛል! ግን ጎበዝ፣ አንድ ነገር እንነጋገር። ሰሌዳዋ የምትሠራው በ5 ቮልት ነው፣ አንዳንዶቹም በ3.3። ብትነኩት አይቆነጥጣችሁም። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን 220 ቮልት ነው። በ5 ቮልት የተሳሳተ ሰሌዳ ያቃጥላል። በ220 የተሳሳተ ግን ቤት ያነዳል፣ ሰው ይገድላል። በልብ በኩል 30 ሚሊአምፔር ካለፈ ነፍስን አደጋ ላይ ይጥላል። አንዲት 10 ዋት አምፖል እንኳ ከዚህ የበለጠ ነው የምትወስደው!

አስታራቂው ማነው?

ሪሌ ይባላል። የመኪና መካኒኮች በደንብ ያውቁታል። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ኮረንቲ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አንዲት ብረት ስቦ ትልቁን መስመር ያገናኛል። ትንሹና ትልቁ ኮረንቲ በሽቦ አይነካኩም። ዋናው ጥበብ ይህ ነው።

ታዲያ ሪሌውን በቀጥታ ከሰሌዳዋ እግር ጋር አታገናኙት። የአርዱይኖ እግር ሳይጨነቅ የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲሆን፣ የተለመደው ባለ 5 ቮልት ሪሌ 70 አካባቢ ይፈልጋል። በመካከል ትራንዚስተርና ዳዮድ ያስፈልጋል። እነዚህ ተገጥመውለት የሚሸጠውን የሪሌ ሞጁል መግዛት ደግሞ ይቀላል።

ሪሌው መቁረጥ ያለበት ፌዙን ነው። ኒውትራሉን ከቆረጠ አምፖሉ ይጠፋል፣ እናንተም «ጠፋ» ብላችሁ ትነካላችሁ፣ ፌዙ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ባለ ክብ ጥርስ መሰኪያ ደግሞ ተገልብጦ ስለሚሰካ ፌዙ በየት በኩል እንደገባ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ መሰኪያውን ንቀሉ።

«የእማዬን ምጣድ ላገናኘው?»

ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው እንዲህ ሲል የጠየቀው። «ሪሌው 10 አምፔር፣ 250 ቮልት ይላል። እኛ ቤት ያለው 220 ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው?» ነው ክርክሩ።

ወንድማችን፣ ቮልቱን አይተህ አምፔሩን ዘለልከው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። 10 የተጻፈበት ሪሌ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ መገናኛ ብረቶቹም ቀልጠው ሊጣበቁ ይችላሉ። ያኔ ስልክህ «ጠፍቷል» ይልሃል፣ ምጣዱ ግን ይነዳል! ዲናሞም ቢሆን ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ስለሚስብ በትንሽ ሪሌ አይሞከርም። እንዲህ ላለው ከባድ ዕቃ ኮንታክተር የሚባል ትልቅ ማገናኛ አለ። እሱንም የሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት አይደለም።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ?

ይህን ብዙዎች ይረሱታል። መብራት ሲመለስ ሰሌዳዋ እንደ አዲስ ትነሳለች። ብዙዎቹ የሪሌ ሞጁሎች ደግሞ የሚበሩት ዜሮ ሲሰጣቸው ነው። የፕሮግራማችሁ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ሁሉን አጥፋ» ካልሆነ፣ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ አንዱ ዕቃ ብቻውን ሊበራ ይችላል። ለዚህ ነው ካውያ፣ ምድጃና ምጣድ ሰው በሌለበት በስልክ አይበሩም የምንለው። አምፖልና ማራገቢያ ይበቋችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

• 220 ቮልት በብሬድቦርድ ላይ አይሄድም። በጠበቀ ቡሎን ይታሰር።

• ናስትሮ ሳጥን አይሆንም። ሁሉም ነገር እሳት በማያቀጣጥለው የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ገመዱም ሲጎተት እንዳይነቀል ይታሰር።

• ለዕቃው የሚመጥን ፊውዝ ፌዙ ላይ ይግባ። የብረት አካል ያለው ዕቃ የመሬት ሽቦው አይቆረጥበት።

• ሳጥኑ ክፍት ሆኖ 220 ከተሰካ፣ ሰሌዳዋን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አታገናኙ። ፕሮግራሙን አስቀድማችሁ ጫኑ።

• ቆጣሪው ጋ ያለው ተራ ብሬከር ሽቦን እንጂ ሰውን አያድንም። በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት የሚቆርጠውን ዓይነት አስገጥሙ።

ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ፣ ልክ እንደ መሰኪያ ሶኬት ላይ የሚገባ፣ በስልክ የሚታዘዝ ዝግጁ ዕቃ ይሸጣል። አምፔሩን አንብቦ መግዛት ብቻ ነው። ፕሮግራሙን እንደልባችሁ በ5 ቮልቱ በኩል ተጫወቱበት።

ሌላው የሚቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እናትም ታናሽ እህትም ዋናው ብሬከር የት እንዳለና እንዴት እንደሚወርድ ዛሬውኑ አሳዩአቸው። ኮረንቲ የያዘውን ሰው ሮጦ የሚያቅፍ ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል። መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፣ ከዚያ ሰው ይነሳ።