ጩኸት ሰምታ የምትወጣ ጎረቤት

በአንድ የሰላም ግንባታ ጉባኤ ላይ የመመረቂያ ጥናቴን አቅርቤ ስመለስ፣ የዚህች ጋዜጣ አዘጋጆች ያየሁትን እንዳካፍላችሁ ጠየቁኝ። ጥናቴ ስለ እናቶቻችን ነበር። ይዤው የተመለስኩት ጥያቄ ግን እናንተን የሚመለከት ነው።

ሰላም ሲባል

ብዙዎቻችን ሰላም ስንል ጦርነት አለመኖሩን ማለታችን ነው። ኖርዌያዊው ምሁር ዮሃን ጋልቱንግ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ሰላም እንዳለ አስረድቷል። አንደኛው ዱላና ጥይት ሲቆም የሚገኘው ነው። ሁለተኛው ፍትሕ ሲኖር የሚገኘው ነው። በሰው ቤት የሠራች ሴት ይህን ያለ መምህር ታውቀዋለች፤ ጩኸት የማይሰማበት ቤት ሁሉ ሰላም ያለበት ቤት አይደለም።

የእናቶች በትር

ያጠናሁት ስለ ሲንቄ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ልጅ ስትዳር እናቷ ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄ የምትባለው ይህች በትር ለመማቻ የምትሆን ዱላ አይደለችም፤ የሴቲቱ የክብርና የመብት ምልክት ናት። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ በተለይም በአራስነቷ እጁን ቢያነሳባት፣ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤት ሁሉ ሥራዋን ጥላ፣ የራሷን ሲንቄ አንስታ ትወጣለች። ሴቶቹ እየዘመሩ ይሰበሰባሉ። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅና እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገኖች ሲጣሉም ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ፤ እነርሱን አልፎ መዋጋት ነውር ነው። ይህ ሁሉ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት አካል ነው።

ይህን ርእስ የመረጥኩት በአገራችን ሽምግልና ሲነሳ ዋርካ ሥር የተቀመጡ ወንዶች ብቻ ስለሚታዩን ነው። ሴቶች ከዋርካው ሥር ባይቀመጡም ከሰላሙ ሥራ እንዳልራቁ ማሳየት ፈለግሁ።

ከእኔ በፊት የቀረበው ጥናት ስለ ላይቤሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የሞንሮቪያ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው በዓሣ ገበያው አጠገብ ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ ለሰላም ተቀመጡ። ድርድሩ ወደ ጋና ዋና ከተማ ወደ አክራ ሲሄድ ተከትለው ሄዱ፤ የአዳራሹንም በር ዘግተው ተደራዳሪዎቹን አላስወጣም አሉ። ስምምነቱ በዚያው ዓመት በነሐሴ ተፈረመ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ሌይማ ቦዊ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት ሴቶች መካከል ነበረች።

የተጠየቅሁት ጥያቄ

የተሰጠኝን 15 ደቂቃ ጨርሼ ስቀመጥ አንዲት አድማጭ ተነሳች። ሲንቄ ጎረቤት ላላት ሴት ይሠራል፤ በባዕድ አገር በሰው ቤት ተዘግቶባት ለምትኖር ሴትስ ማን ይወጣላታል? አለችኝ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ለእኔ ይህ የወረቀት ጥያቄ አልነበረም። እዚህ ያደረሰችኝ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የእረፍት ቀን አልነበራትም። ነገር ግን ከፊት ለፊቱ ሕንፃ የምትሠራ ሐበሻ ነበረች። ልብስ ሲያሰጡ በረንዳ ለበረንዳ በእጅ ምልክት ሰላም ይባባላሉ። እህቴ ታማ ሁለት ቀን ሳትታይ ስትቀር ያቺ ሴት የሕንፃውን ጥበቃ ልካ አስጠየቀቻት። ማዳሟም ሰው እንዳላት አወቀች። ለጠያቂዋ የመለስኩት ይህንኑ ነው፤ የሲንቄ ኃይሉ ከበትሩ ሳይሆን ከምትወጣዋ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትም በረንዳ ለበረንዳ ሊሠራ ይችላል።

እኛስ?

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ቁጥር 189 ስምምነት የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እንድታርፍ፣ ፓስፖርቷንም ራሷ እንድትይዝ መብት ይሰጣታል። የሚያስገድደው ግን ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ መውጣት የቻለች እህት መውጣት ላልቻለችው ጎረቤት መሆን አለባት።

ይህን ጉርብትና የሚያፈርሰው ደግሞ ማዳም ብቻ አይደለችም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት በነበረበት ጊዜ በስደት ያለነውም በቋንቋ ተለያይተን፣ አብረን ቡና የጠጣን ሰዎች ሰላምታ ተነፋፍገን ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ በየልባችን ያለውን ግን የሚፈርምልን የለም። የተቀያየመች እህት ጩኸት ብትሰማም እግሯ ይከብዳል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከተለመደው ቦታዋ የጎደለች ማን እንደሆነች እንቁጠር፤ እንደውልላት። አገርሽ የት ነው ከማለታችን በፊት ደኅና ነሽ ወይ እንበል። ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እናሳውቅ።

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 ናባል ዳዊትን ሲሰድብ፣ ዳዊት 400 ሰዎች አስታጥቆ ተነሳ። አቢግያ ስንቅ ጭና ወጥታ ያን ሁሉ ደም እንዳይፈስ አደረገች። ስለ እርሷ ብዙ ተሰብኳል። ለአቢግያ ሮጦ ነገሩን የነገራት ግን ስሙ ያልተጻፈ የቤት አገልጋይ ነበር። የሰላሙ ሥራ የተጀመረው ከእርሱ ነው።

አምላካችን የሰማነውን የምንናገርበት አፍ፣ የምንወጣበትም እግር ይስጠን። አሜን።